የልጁን ፎቶ ሳናይ እንስጥ

ለታመመ ሕጻን ገንዘብ ያዋጣ ሰው «የኔ ብር የትኛውን ልጅ አዳነ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ከቅን ልብ የሚመጣ ነው። ሆኖም ለሕጻናት ሕክምና የምንሰጥበትን መንገድ ሁሉ ይኸው ጥያቄ ገዝቶታል፤ ፊት ካላየን፣ ስም ካልሰማን፣ እናት ስታለቅስ ካልተመለከትን እጃችን አይፈታም። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ የሕጻን ፎቶ የታተመበት ባነር ተዘርግቶ፣ ወጣቶች ሣጥን ይዘው በመኪኖች መካከል ሲሯሯጡ፣ የሕመሙ ታሪክ በድምፅ ማጉያ ሲነገር ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው ጥቂት ነው። በቲክቶክ የቀጥታ ሥርጭት የባንክ ሒሳብ ቁጥር ሲለጠፍ ከዱባይና ከጅዳ፣ ከቨርጂኒያና ከፍራንክፈርት ገንዘብ ይላካል። ልጁ ውጭ አገር ታክሞ ሲመለስ ቦሌ ድረስ ወጥተው የሚቀበሉት አንዳንዶቹ ከዚያ በፊት በአካል አይተውት የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ይህን ደግነት የሚያጣጥል ቃል ከእኔ አይወጣም።

የምከራከረው ስለ ሌላ ነገር ነው። በእኔ እምነት ብዙ ሕጻናትን የሚያድነው የማንም ልጅ ስም ያልተጻፈበት፣ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም በየወሩ ሳያቋርጥ ለሆስፒታል የሚገባ ገንዘብ ነው። ደግነት አላነሰንም፤ ያነሰን ደግነቱ አስቀድሞ የሚደርስበት ሥርዓት ነው። ይህን ለማሳየት በአገራችን በሕዝብ መዋጮ የቆመውን የሕጻናት የልብ ሕክምና ልውሰድ።

ከውጭ ጉዞ ወደ ጥቁር አንበሳ ግቢ

የሕጻናት የልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1981 ዓ.ም. ለልብ ሕሙማን ሕጻናት የሚቆም በጎ አድራጎት ድርጅት ሲመሠርቱ አገር ውስጥ ልጆቹን በቋሚነት የሚያክም የልብ ቀዶ ሕክምና ማዕከል አልነበረም። የሐኪሙ ሥራ ሕመሙን መለየት፣ መድኃኒት ማዘዝና ልጁን ወደ ውጭ የሚወስድ ደግ ሆስፒታል ማፈላለግ ነበር። ከዚያ ዘመን የልመና ደብዳቤዎች አንዳንዶቹ ከታሰበው በላይ ርቀው ሄደዋል። ዛሬ ከብዙ አገሮች የመጡ ሕጻናትን እስራኤል ውስጥ፣ ሆሎን ከተማ በሚገኘው የዎልፍሰን ሕክምና ማዕከል የሚያክመው «ሴቭ ኤ ቻይልድስ ኸርት» የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 የተጀመረው አንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ለሁለት ሕጻናት ቀዶ ሕክምና እንዲደረግላቸው ዶክተር አሚ ኮሄንን ስለጠየቀ ነው። ለሁለት ልጆች የቀረበ ጥያቄ ለሺዎች የሚተርፍ ተቋም ወለደ።

የውጭ ጉዞው ግን በባሕርዩ ጠባብ በር ነው። ለአንድ ልጅ ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ የአውሮፕላን ቲኬት፣ አብሮት የሚሄድ ሰው፣ ማረፊያና ተቀባይ ሆስፒታል ያስፈልገዋል። በዚህ በር የሚያልፈው አንዱ ነው፤ በሩ ላይ የሚቀሩት ብዙ ናቸው። ስለዚህ ሐሳቡ ማዕከሉን እዚሁ ወደመገንባት ዞረ። ተማሪዎች ከኪስ ገንዘባቸው፣ ሠራተኞች ከደመወዛቸው፣ ባለሀብቶች በሚሊዮን፣ ሌላው ሕዝብም የአቅሙን እያዋጣ፣ የውጭ በጎ አድራጊዎችም መሣሪያ እያቀረቡ፣ ማዕከሉ በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ተከፈተ።

ቀጥሎ የሆነውን ነገር ብዙ ሰው አያውቀውም፤ የክርክሬም መሠረት እሱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀዶ ሕክምናውን የሚሠሩት በአብዛኛው ከአውሮፓና ከሌሎች አገሮች ለአጭር ጊዜ የሚመጡ በጎ ፈቃደኛ ቡድኖች ነበሩ። እንዲህ ያለ ቡድን ሐኪሞቹን ብቻ ይዞ አይመጣም፤ ለሚሠራቸው ልጆች የሚበቃውን የአንድ ጊዜ መጠቀሚያ ዕቃም ጭኖ ይመጣል። ሥራው አልቆ ሲሄድ የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ጸጥ ይላል። በኋላ ኢትዮጵያውያን የልብ ቀዶ ሐኪሞች፣ የማደንዘዣ ባለሙያዎች፣ የልብና ሳንባ ማሽን አንቀሳቃሾችና የጽኑ ሕሙማን ነርሶች ሠልጥነው ሥራውን ራሳቸው ያዙት። ኩራት የሚገባው ድል ነው። «እንግዲህ የራሳችን ሐኪም አለን፣ ሕንፃም አለን፣ መዋጮው ይበቃል» ያለ ሰው ግን ነገሩን ገልብጦ አይቶታል። የአገር ልጅ ሐኪም በዓመት ውስጥ ባሉት ሳምንታት ሁሉ መሥራት ይችላል፤ ስለዚህ በዓመት ውስጥ ባሉት ሳምንታት ሁሉ ዕቃ ይፈልጋል። ሻንጣ ሞልቶ የሚመጣለት እንግዳ የለም። የራሳችን ባለሙያዎች መድረሳቸው የመዋጮውን አስፈላጊነት ከፍ አደረገው እንጂ አልቀነሰውም።

ፎቶ የሌለው ወጪ

ልብ ተከፍቶ ሲሠራ፣ ልጁ በሕይወት የሚቆየው ደሙ ከአካሉ ወጥቶ በማሽን ውስጥ እየተዘዋወረ ነው። ማሽኑ ለብዙ ዓመት ያገለግላል። ደሙን ኦክስጅን የሚያጠግበው ክፍል፣ ኦክሲጂኔተር የሚባለው፣ ግን ለአንድ ልጅ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ይጣላል። ቱቦዎቹም፣ ወደ ደም ሥር የሚገቡት ካኑላዎችም፣ የልብ መስፊያ ክሮቹም እንደዚሁ ናቸው። ቫልቩ የተበላሸበት ልጅ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ይፈልጋል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የመተንፈሻ ማሽን፣ የላቦራቶሪ መመርመሪያ ኬሚካል፣ መድኃኒትና ሌሊቱን ሙሉ አልጋው አጠገብ የሚቆም ነርስ ያስፈልገዋል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ሐኪሙ እያለ፣ ሕንፃው እያለ፣ ልጁም በባዶ ሆዱ አድሮ ለቀዶ ጥገና ተዘጋጅቶ እያለ ሥራው ይሰረዛል። ለካኑላ ብሎ ባነር ይዞ አደባባይ የሚወጣ ሰው ግን አይቼ አላውቅም።

ዕቃዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚገቡት በውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ይህ ለነጋዴው የዋጋ ጉዳይ ነው። ለሕጻናት ሕክምና ደግሞ ከዚያ በፊት ተሰብስቦ በብር የተቀመጠው መዋጮ ሊገዛ የሚችለው ዕቃ ወደ ግማሽ ወረደ ማለት ነው። አንድ ጊዜ በታላቅ ዝግጅት ተሰብስቦ በሒሳብ የሚቀመጥ ገንዘብ ለእንዲህ ያለው ንፋስ የተጋለጠ ነው። በየወሩ የሚገባና ከዋጋው ጋር እየተከለሰ የሚያድግ መዋጮ ግን ተቋሙ ዕቃ አስቀድሞ እንዲያዝ፣ ከአቅራቢ ጋር የረጅም ጊዜ ውል እንዲዋዋል፣ አንድም የቀዶ ጥገና ቀን በዕቃ እጦት እንዳይሰረዝ ያስችለዋል። ሐኪም ቤት በተስፋ ዕቃ አያዝም፤ የሚቀጥለው ዓመት ገቢ በግምት እንኳ መታወቅ አለበት።

ጊዜው ራሱ ደግሞ በሽታውን ይለውጠዋል። በዓለም ላይ በአማካይ ከመቶ ሕጻናት አንዱ ገደማ የልብ አፈጣጠር ችግር ይዞ ይወለዳል። በየዓመቱ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሕጻናት በሚወለዱባት ኢትዮጵያ ይህ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ማለት ነው። ሁሉም ቀዶ ሕክምና አይፈልጉም፤ የሚፈልጉት ግን ለዘላለም መጠበቅ አይችሉም። ከታወቁት ችግሮች አንዱ በታችኞቹ የልብ ክፍሎች መካከል ባለው ግድግዳ ላይ የሚኖር ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው ትልቅ ሲሆን ከሚገባው በላይ ደም ወደ ሳንባ ይገፋል። ዓመታት ሲያልፉ የሳንባ ደም ሥሮች ይጠነክራሉ፣ ግፊቱ ይጨምራል፤ መጨረሻ ላይ ቀዳዳውን መዝጋት ራሱ ልጁን የሚገድል ይሆናል። ያኔ ሐኪሙ ለወላጆቹ «አልፎበታል» ከማለት በቀር ምርጫ የለውም። ተራ የሚጠብቁት ልጆች በሺዎች ሲሆኑ፣ ከእነርሱ አንዳንዶቹ ከወረፋው የሚወጡት በመታከም ሳይሆን ጊዜው ስላለፈባቸው ነው። ዘግይቶ የመጣ አንድ ሚሊዮን ብር በጊዜው ቢመጣ የሚሠራውን ሥራ አይሠራም።

ከሆስፒታሉ አጥር ውጭም ፎቶ የሌለው ወጪ አለ። ከባሌ ወይም ከወሎ ልጁን አዝሎ የመጣ ገበሬ ሕክምናው በነጻ ቢሆንለት እንኳ የሚያድርበት የለውም። በካንሰር ሕክምና ይህ ችግር ይበልጥ ይከብዳል፤ መድኃኒቱ ለወራት፣ ለአንዳንዱም ለዓመታት በዙር ስለሚሰጥ፣ የቤተሰቡ ስንቅ ሲያልቅ ልጁ ሕክምናውን አቋርጦ ወደ አገሩ ይመለሳል። ይህን በራሳቸው ቤት ያዩ ወላጆች ናቸው መፍትሔ የፈለጉት። ማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ በደም ካንሰር ልጃቸውን ባጡ ወላጆች የተመሠረተ ነው፤ ተስፋ አዲስም ከወላጆች ኀዘን የተወለደ ድርጅት ነው። ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሕጻናትና አስታማሚዎች አልጋ፣ ምግብና መጓጓዣ ማቅረብ ከኬሞቴራፒው ያላነሰ ሕክምና መሆኑን ለማሳየት ከእነዚህ ወላጆች የተሻለ ምስክር የለም። የቤት ኪራይና የሽሮ ወጪ ግን የለጋሽን ዓይን አይስብም።

«መንግሥት ምን ይሠራል?»

የመዋጮን ሐሳብ የሚቃወሙ ሰዎች የሚያነሡት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፤ ክብደትም አለው። የሕጻናት ሕክምና የመንግሥት ግዴታ ነው፤ ሕዝቡ በግብር የከፈለውን እንደገና በሣጥን ሊከፍል አይገባም፤ መዋጮው በሰፋ ቁጥር መንግሥት ይዘናጋል ይላሉ። ከዚህ ክርክር ውስጥ ግማሹን እቀበላለሁ። የሐኪምና የነርስ ደመወዝ፣ የሆስፒታል መብራትና ውሃ፣ የመድኃኒት ግዢ ሥርዓት፣ የሕክምና ዕቃ ከቀረጥ ነጻ እንዲገባና የውጭ ምንዛሪ ቅድሚያ እንዲያገኝ ማድረግ፣ እነዚህ የበጎ አድራጊ ሥራ ሊሆኑ አይገባም። መዋጮ በእነዚህ ቦታዎች ሲገባ ድክመትን ይሸፍናል።

የቀረውን ግማሽ ግን አልቀበልም። የአገሪቱ የጤና በጀት በክትባት፣ በወሊድ፣ በወባና በሳንባ ነቀርሳ ላይ ማተኮሩ ትክክል ነው፤ በአንድ ልጅ የልብ ቀዶ ሕክምና ወጪ ብዙ ሕጻናት ይከተባሉ። በጀት የሚይዝ ሰው ይህን ሒሳብ መሥራት ግድ ይለዋል። ልቧ ቀዳዳ ያለባት የስድስት ዓመት ልጅ ግን በዚህ ሒሳብ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ትቀራለች። የሕዝብ መዋጮ ቦታው እዚህ ላይ ነው፤ በጀት በአግባቡ ቢመደብም የማይደርስላቸው ልጆች ዘንድ። ደግሞም መንግሥትን የሚያዘናጋው በዘፈቀደ የሚሰጥ ገንዘብ ነው። በየወሩ የሚያዋጡ መቶ ሺህ ሰዎች ያሉት ሆስፒታል ግን መቶ ሺህ ጠያቂዎች አሉት፤ «እኛ የዕቃውን ከፈልን፣ የናንተው ድርሻ የት ደረሰ?» ብሎ ሚኒስትሩን ለመጠየቅ ከዚህ የበለጠ አቅም የት ይገኛል?

ፔኒሲሊን ወይስ ቀዶ ሕክምና

ሁለተኛው ተቃውሞ የሚመጣው ከጤና ባለሙያዎቹ ከራሳቸው ስለሆነ ይበልጥ ሊደመጥ ይገባዋል። በአገራችን የትምህርት ቤት ዕድሜ ያላቸውን ልጆች የልብ ቫልቭ የሚያበላሸው ዋናው ምክንያት ሩማቲክ የልብ በሽታ ነው። መነሻው የጉሮሮ ሕመም ነው። ስትሬፕቶኮከስ በተባለው ባክቴሪያ የሚመጣው የጉሮሮ ቁስለት በጊዜው በፔኒሲሊን ካልታከመ፣ በአንዳንድ ልጆች ላይ ከሳምንታት በኋላ የመገጣጠሚያ እብጠትና ትኩሳት ያስከትላል፤ ሲደጋገም ቫልቩን ያጠፋል። አሁንም ብዙ ቦታ ጉሮሮውን የታመመ ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ሳይሆን እንጥል ወደሚቆርጥ ሰው ይወሰዳል፤ እንጥል መቁረጥ ባክቴሪያውን አያጠፋም፣ የደም መፍሰስና ሌላ መመረዝ ያመጣል እንጂ። ስለዚህ ባለሙያዎቹ «በአንድ ቫልቭ ዋጋ ስንት ሺህ ልጅ መከላከል ይቻል የለም ወይ?» ይላሉ።

ይቻላል፤ መደረግም አለበት። ግን መከላከል ለነገው ልጅ ነው፤ ቫልቩ ዛሬ የተበላሸበትን ልጅ አይመልሰውም። ከዚያም በላይ ሁለቱ ሥራዎች የሚቀናቀኑ መስለው የሚታዩት መዋጮን በፎቶ ብቻ ስንሰጥ ነው። በሽታው የጀመረው ልጅ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት መወጋት አለበት። ቫልቭ የተቀየረለት ልጅም መርፌውን አያቆምም፤ ቫልቩ ብረት ከሆነ ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ይወስዳል፣ የደሙን መርጋት በየጊዜው ያስለካል። ሴት ልጅ ከሆነች አድጋ ስታረግዝ ይኸው መድኃኒት ጽንሱን ሊጎዳ ስለሚችል የቅርብ ክትትል ያስፈልጋታል። እንግዲህ ሚሊዮን ብር አዋጥተን ውጭ ልከን ያሳከምነው ልጅ ወረዳው ላይ መርፌ ካጣ፣ ወይም የዋርፋሪን መጠኑን የሚለካለት ካላገኘ፣ የደስታ ቪዲዮው ከተሠራጨ ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ሊሞት ይችላል። ያን ጊዜ ባነር የሚዘረጋለት የለም። ስም ያልተጻፈበት ገንዘብ ግን ያለበት ድረስ ይከተለዋል፤ የክትትል መዝገብ ይገዛል፣ ስልክ ደውላ «መርፌህ አልፏል» የምትል ነርስ ይቀጥራል፣ መድኃኒቱን ወደ ክፍለ ሀገር ሆስፒታል ያደርሳል።

የጥርጣሬው ጉዳይ

ሦስተኛው ተቃውሞ አጭር ነው፤ «ገንዘቡ ይበላል»። በሐሰት የሐኪም ማስረጃ የተለመነ ገንዘብ እንዳለ፣ የሞተን ልጅ ፎቶ ይዘው የለመኑም እንዳሉ ሰምተናል። ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ማታለል የሚበዛው በትክክል እዚያው እምነት በጣልንበት ቦታ፣ ማለትም በግለሰብ ሒሳብ፣ በአንድ ፎቶና በአንድ ስልክ ቁጥር ላይ ነው። በሕግ የተመዘገበ ድርጅት በየዓመቱ የሥራና የኦዲት ሪፖርት ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ያቀርባል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 እንዲህ ያሉ ድርጅቶች የአስተዳደር ወጪያቸው ከጠቅላላ ገቢያቸው ከ20 ከመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ሪፖርቱን የመጠየቅ ልማድ ያልነበረን እኛ ነን።

ስለ አስተዳደር ወጪም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ለጋሽ «ሙሉው ብር ለልጁ ይድረስ» ይላል። ከቀድሞው የበጎ አድራጎት ሕግ ጋር የመጣው ሰባ ሠላሳ የሚባለው፣ የአስተዳደር ወጪን በሠላሳ ከመቶ የሚገድበው መመሪያ ሥልጠናንና መጓጓዣን ጭምር ከአስተዳደር ወጪ ይቆጥር ስለነበር ብዙ ድርጅቶች ተቸግረውበታል። የነርስ ሥልጠና ለልጁ የሚደርስ ገንዘብ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ዕቃ መዝግቦ የሚይዝ መጋዘን ጠባቂ፣ ማሽን የሚጠግን ባለሙያ፣ ሒሳብ የሚያጣራ ኦዲተር ሁሉም ለልጁ የሚሠሩ ናቸው። እንዲያውም ሌብነትን የሚከላከለው ይኸው ሰው የማይወደው ወጪ ነው።

ጥርጣሬ መልስ የሚፈልግ መሆኑን ግን የሕክምና ተቋማቱም ሊያውቁት ይገባል። ገቢና ወጪን በየሦስት ወሩ፣ ተራ ሰው በሚረዳው አማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሌሎች ቋንቋዎች ማሳወቅ ግዴታቸው ነው። «በዚህ ሩብ ዓመት ይህን ያህል ኦክሲጂኔተር ገዛን፣ ይህን ያህል ልጅ ታከመ፣ ይህን ያህል ቀዶ ጥገና በዚህ ምክንያት ተሰረዘ» ብሎ መንገር የሚያሳፍር አይደለም። የተሰረዘውን የሚደብቅ ተቋም የሚያዋጣለትን ሰው አያከብርም።

ስደተኞች የሠሩት ሆስፒታል

ይህ ሁሉ ሕልም እንዳይመስል አንድ ሌላ አገር ልጥቀስ። የሊባኖስ ስደተኞች ልጅ የነበረው አሜሪካዊው ተዋናይ ዳኒ ቶማስ ሥራ አጥቶ በተቸገረበት ዘመን ለቅዱስ ይሁዳ ታዴዎስ ስእለት ተስሎ ነበር። ኑሮው ሲቃናለት እ.ኤ.አ. በ1957 የሊባኖስና የሶርያ ዝርያ ያላቸውን አሜሪካውያን ሰብስቦ የተቀበለቻቸውን አገር በአንድ የሕጻናት ሆስፒታል እንዲያመሰግኑ ጠየቃቸው። ቅዱስ ይሁዳ የሕጻናት ምርምር ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1962 በሜምፊስ ተከፈተ፤ ጥቁርና ነጭ በተለያየ ክፍል በሚታከሙበት በዚያ ዘመን ሕጻናትን ሳይለይ ተቀበለ። ወላጅ የሕክምና ክፍያ አይጠየቅም። ሆስፒታሉን ያቆመው ከሀብታሞች ችሮታ ይልቅ በመላ አገሪቱ የሚሰጥ ትንንሽ ስጦታ ነው፤ ሲከፈት ከመቶ አራት ልጆች ብቻ የሚተርፉበት ዋናው የሕጻናት የደም ካንሰር ዛሬ እዚያ ከመቶ ከዘጠና በላይ ይተርፉበታል። ይህን ለውጥ ያመጣው ምርምር ዓመታት የፈጀ ነው። ለዓመታት የማይቋረጥ ገንዘብ ባይኖር ምርምሩም አይኖርም ነበር።

እኛ ለዚህ ሥርዓት እንግዶች አይደለንም። ዕድር በየወሩ የምንከፍለው ማን እንደሚሞት አውቀን አይደለም። ድንኳኑ ይገዛል፣ ወንበሩ ይገዛል፣ ድስቱ ይቀመጣል፤ ኀዘን የመጣበት ቤት ለቅሶ ሲሰማ ሁሉም ነገር ዝግጁ ነው። ከኀዘንተኛው ደጃፍ ቆሞ ለድንኳን መግዣ የሚለምን ዕድር የለም። ለሙታን ይህን ያህል አስቀድሞ የሚያስብ ሕዝብ ለታመሙ ልጆቹ በመጨረሻው ሰዓት በድምፅ ማጉያ የሚለምንበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለዕድር ሰብሳቢዎች፣ ለሰንበቴና ለማኅበር አባላት፣ ለመስጊድ ኮሚቴዎች፣ ለመሥሪያ ቤት ሠራተኞችና ውጭ ላሉ የማኅበረሰብ ማኅበራት ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ላይ አንድ ነጥብ ይጨመር፦ ከአባል በወር ስንት ብር፣ ለየትኛው የሕጻናት ሕክምና ተቋም። መጠኑ አባል ሳይከብደው ለዓመታት ሊከፍለው የሚችል ይሁን። የልጅ ስም አይመረጥበት፤ ተቋሙ የጎደለውን ይግዛበት። በውጭ ያላችሁ ደግሞ ከቻላችሁ ዕቃው በሚገዛበት ምንዛሪ፣ በዶላርና በዩሮ፣ በየወሩ ላኩ። በምላሹ የኦዲት ሪፖርት በየዓመቱ ይቅረብልን በሉ፤ ካልቀረበ ለሌላ ተቋም ስጡ እንጂ መስጠቱን አታቁሙ። የመጀመሪያው ክፍያ ከሚቀጥለው ወር መዋጮ ጋር ይጀመር።